የአሠልጣኙ የኸርበርት ቻፕማን ሕይወትና ሥራ

ተማሪዎች፣ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ የነገሥታትን፣ የጦር መሪዎችንና የሳይንስ ሊቃውንትን የሕይወት ታሪክ ማንበብ ለምዳችኋል። ከዚህ ቀጥሎ የምታነቡት ግን የአንድ እግር ኳስ አሠልጣኝ ታሪክ ነው። የኳስ ሰው እዚህ ገጽ ላይ ምን ሊያደርግ መጣ ትሉ ይሆናል። ሰውየው ኸርበርት ቻፕማን ይባላል፤ የእንግሊዝ አገር ሰው ነው። ዘወትር የሚሸነፉትን፣ ተመልካች የራቃቸውንና ለመፍረስ የተቃረቡትን ቡድኖች እየተረከበ እንደገና ማነጽ የሕይወቱ ሙያ ነበር። ይህንንም ያደረገው በአንድ ቡድን ብቻ ሳይሆን በአራት ቡድኖች ነው። እንዴት እንዳደረገው መመርመር ኳስ ለሚወድም ለማይወድም ይጠቅማል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድማችሁ ልብ በሉ።

ኸርበርት ቻፕማን ጃንዋሪ 19 ቀን 1878 በዮርክሻየር ክፍለ ሀገር፣ ከሸፊልድ ከተማ ብዙም በማትርቀው ኪቬተን ፓርክ በምትባል መንደር ተወለደ። መንደሪቱ የምትኖረው በድንጋይ ከሰል ነበር፤ የቻፕማን አባትም ኑሮውን የሚገፋው ከመሬት በታች ከሰል በመቆፈር ነበር። በዚያ ዘመን የቆፋሪ ልጅ እንደ አባቱ ቆፋሪ መሆኑ የተለመደ ነው። ኸርበርት ግን በትምህርቱ ጎበዝ ስለነበረ ሸፊልድ ወደሚገኘው የቴክኒክ ኮሌጅ ገብቶ የማዕድን ምሕንድስና ተማረ። ይህን ነገር አትርሱት። በኋላ ኳስን በእግር ብቻ ሳይሆን በወረቀትና በጠረጴዛ ላይ የሚያጠና ሰው ሆኖ የምታገኙት መሐንዲስ ስለነበረም ነው።

በተጫዋችነቱ ዝነኛ አልነበረም። ከቤተሰቡ መካከል በኳስ የታወቀው ወንድሙ ሃሪ ሲሆን፣ እርሱም በሸፊልድ ዌንስደይ ክለብ ስመ ጥር ተጫዋች ነበር። ኸርበርት ግን ከአንዱ ትንሽ ክለብ ወደ ሌላው ሲዘዋወር፣ አንዳንድ ጊዜ በምሕንድስና ሥራው እየኖረ፣ አንዳንድ ጊዜም በኳስ ደመወዝ እየተዳደረ፣ አሥር ዓመት ያህል አሳለፈ። በመጨረሻ የለንደኑ የቶተንሃም ክለብ ተጫዋች በነበረበት ወቅት ተመልካች ያስታውሰው የነበረው በጫማው ነው። ሌሎቹ ጥቁር ወይም ቡናማ ታኬታ ሲያደርጉ እርሱ ቢጫ ያደርግ ነበር። ምክንያቱ ለታይታ አልነበረም፤ ጓደኞቹ ቀና ሳይሉ እንዲለዩትና ኳሷን እንዲሰጡት ነበር። ብዙ ሰው ይህን እንደ ቀልድ አይቶት አልፏል።

በ1907 ኖርዝሃምተን ታውን የተባለው ክለብ ተጫዋችም አሠልጣኝም የሚሆን ሰው ይፈልግ ነበር። ሥራው መጀመሪያ የቀረበው ለቻፕማን የቡድን ጓደኛ ነበር፤ ጓደኛው ግን አልቀበልም ብሎ በርሱ ፈንታ ቻፕማንን ጠቆመ። እምቢታው የሚያስደንቅ አይደለም። ኖርዝሃምተን ሁለት ዓመት በተከታታይ በደቡብ ሊግ የመጨረሻውን ደረጃ የያዘ ቡድን ነበር። ገንዘብ የለውም፤ ስም የለውም፤ ተስፋም የነበረው አይመስልም። ቻፕማንም የምሕንድስና ሥራውን ለመቀጠል ያስብ ስለነበር ይህን ሲቀበል ለጥቂት ጊዜ ብቻ ብሎ ነበር።

በዚያ ዘመን አሠልጣኝ ማለት ዛሬ እናንተ የምታውቁት ዓይነት ሰው አልነበረም። ተጫዋቾችን የሚመርጡት የክለቡ ባለገንዘቦች ነበሩ። አሠልጣኙ ደብዳቤ ይጽፋል፤ የባቡር ቲኬት ይገዛል፤ ልጆቹን ሜዳ ዙሪያ ያስሮጣል። ስለ አጨዋወት ማሰብ የማንም ሥራ አልነበረም። ኳሷን የያዘ ወደፊት ይሮጣል፤ የተነጠቀ ወደኋላ ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ ዕድል ነው።

ቻፕማን ግን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አንድ ነገር ታዘበ። ቡድኑ ጨዋታውን ሙሉ ሲያጠቃ ውሎ ተቃራኒው በአንድ ድንገተኛ ሩጫ ግብ ያገባና ያሸንፍ ነበር። ይህን ያዩ ሌሎች ሰዎች ዕድል ጠመመ ብለው ያዝናሉ። ቻፕማን ግን ምክንያቱን ፈለገ፤ አገኘውም። ቡድኑ ሁልጊዜ ሲያጠቃ የተቃራኒው ተከላካዮች በሙሉ በግባቸው ፊት ይሰበሰባሉ፤ ሜዳው ይጠባል፤ አጥቂው መተላለፊያ ያጣል። ስለዚህ ተጫዋቾቹ አንዳንድ ጊዜ ሆን ብለው ወደኋላ እንዲያፈገፍጉ አዘዘ። ተቃራኒው ተከትሎ ሲወጣ ከጀርባው ባዶ ሜዳ ይቀራል፤ ኳሷ በዚያ ባዶ ሜዳ ላይ በፍጥነት ትላካለች። ዛሬ መልሶ ማጥቃት የምንለው ይህ ነው። ይህን ለማስረዳት ተጫዋቾቹን ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስቦ ትንንሽ ምስሎችን ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሰ ያስተምራቸው ነበር። ከጨዋታ በፊት ተቀምጦ መወያየት በዚያን ጊዜ እንደ እንግዳ ነገር ይታይ ነበር።

ቡድኑ በመጀመሪያው ዓመት ስምንተኛ ወጣ። በሁለተኛው ዓመት በ1909 የደቡብ ሊግ ሻምፒዮን ሆነ።

ቻፕማን በኖርዝሃምተን ሳለ ካደረጋቸው ነገሮች መካከል አንዱን ሳልነግራችሁ ባልፍ ታሪኩ ይጎድላል። ዋልተር ተል የሚባል አባቱ ከባርቤዶስ ደሴት የመጣ ጥቁር ወጣት በቶተንሃም ክለብ ይጫወት ነበር። በ1909 በብሪስቶል ከተማ በተደረገ ጨዋታ ተመልካቾች በቀለሙ ምክንያት እጅግ አስከፊ ስድብ አወረዱበት፤ ከዚያም ብዙ ሳይቆይ ክለቡ ከዋናው ቡድን አስወጣው። ሁለት ዓመት ያህል ተረስቶ ከቆየ በኋላ በ1911 ወስዶ ያጫወተው ቻፕማን ነው። ተል በኖርዝሃምተን ከ100 ጨዋታ በላይ ተሰለፈ። በአንደኛው የዓለም ጦርነትም በእንግሊዝ ጦር ውስጥ የመኮንንነት ማዕርግ ካገኙት የመጀመሪያዎቹ ጥቁሮች አንዱ ሆኖ በማርች ወር 1918 ፈረንሣይ አገር በጦር ሜዳ ወደቀ። አስከሬኑም አልተገኘም።

በ1912 ሊድስ ሲቲ የተባለው የሁለተኛው ዲቪዚዮን ክለብ ቻፕማንን ጠራው። ይህም ቡድን የወደቀ ነበር፤ ከመጨረሻው በአንድ ደረጃ ብቻ ከፍ ብሎ ስላጠናቀቀ በሊጉ ለመቆየት የሌሎቹን ክለቦች ድምፅ መለመን ነበረበት። ቻፕማን ገና ሥራውን ሳይጀምር ድምፅ ፍለጋ ዞረ፤ ክለቡም ተረፈ። በመጀመሪያው ዓመት 6ኛ፣ በሁለተኛው 4ኛ ወጣ። ወደ አንደኛው ዲቪዚዮን ለመውጣት ጥቂት ሲቀረው ግን በ1914 ጦርነት ተነሣ።

ከዚህ በኋላ ያለው የቻፕማን ሕይወት ጨለማው ክፍል ነው። በ1916 የኳሱን ሥራ ለሌላ ሰው ትቶ በሊድስ አጠገብ ባርንቦ በሚባል ቦታ የነበረውን የጥይት ፋብሪካ በሥራ አስኪያጅነት ለማገልገል ሄደ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በ1919 ሊድስ ሲቲ በጦርነቱ ዘመን ለተጫዋቾች በሕገ ወጥ መንገድ ገንዘብ ከፍሏል የሚል ክስ ቀረበበት። መርማሪዎቹ የሒሳብ ሰነዶቹን ሲጠይቁ የክለቡ ኃላፊዎች አናቀርብም አሉ። በዚህም ምክንያት ክለቡ ከሊጉ ተባረረ፤ ተጫዋቾቹም በሊድስ ከተማ በአንድ ሆቴል ውስጥ እንደ ዕቃ በጨረታ ለሌሎች ክለቦች ተሸጡ። የክለቡ ኃላፊዎች ዕድሜ ልካቸውን ከእግር ኳስ ታገዱ። ከታገዱትም መካከል ቻፕማን አንዱ ነበር።

አስቡት! ዕድሜው 41 ዓመት ነው፤ የሠራው ቡድን ፈርሷል፤ ስሙ ጎድፏል፤ የሚወደው ሙያ በሩን ዘግቶበታል። በሴልቢ ከተማ በአንድ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ ይዞ ነበር፤ ከዚያም ሥራ ተሰናበተ። ሰነዶቹ ስላልቀረቡ ክሱ በማስረጃ ሊረጋገጥም ሊስተባበልም አልቻለም፤ ቅጣቱ የተሰጠው ሰነድ በመከልከሉ ነበር። ቻፕማን ዝም ብሎ ከመቀመጥ በቀር ምርጫ ያለው አይመስልም ነበር።

በሩን የከፈተለት ሌላ ችግረኛ ክለብ ነው። ሐደርስፊልድ በሱፍ ጨርቅ ሥራ የምትታወቅ የዮርክሻየር ከተማ ናት። በ1919 የክለቧ ባለቤት ተመልካች ስላጣ ክለቡን ነቅሎ ወደ ሊድስ ሊወስደው ተነሥቶ ነበር። የከተማው ሕዝብ ግን አናስወስድም ብሎ ገንዘብ አዋጥቶ አስቀረው። ይኸው ክለብ ቻፕማንን ሊቀጥር ፈለገ፤ ስለ እርሱም ለእግር ኳስ ማኅበሩ አቤት አለ። ክርክሩ ቀላልና ግልጽ ነበር። ተፈጸመ የተባለው ክፍያ ሲከናወን ቻፕማን በጥይት ፋብሪካው ሥራ ላይ ነበረ። ማኅበሩም ዕገዳውን አነሣለት። ቻፕማን በ1921 መጀመሪያ በረዳትነት ገባ፤ ከጥቂት ሳምንታትም በኋላ ዋናው አሠልጣኝ ሆነ።

መጀመሪያ ያደረገው አንድ አእምሮ ያለው ተጫዋች መፈለግ ነው። ክሌም ስቲቨንሰን የተባለውን የ31 ዓመት ሰው ከአስቶን ቪላ በ4,000 ፓውንድ አመጣ። ብዙዎች ሽማግሌ ገዛ ብለው ሳይተቹት አልቀሩም። ስቲቨንሰን ሯጭ አልነበረም፤ ግን ኳሷን መቼና ወዴት መላክ እንዳለበት ያውቃል፤ ለወጣቶቹም ያስተምራል። ቻፕማን በዙሪያው ልጆችን ሰበሰበ። ሁለተኛውም ሦስተኛውም ቡድን ዋናው በሚጫወትበት ዘዴ እንዲጫወት አደረገ። አንድ ሰው ቢጎዳ የሚተካው ቦታውን አስቀድሞ ያውቀዋል።

ሐደርስፊልድ በ1922 የእንግሊዝን ዋንጫ ወሰደ። በ1924 ደግሞ የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። ይህ ሁለተኛው ድል እንዴት እንደተገኘ ማወቅ ይገባችኋል። በመጨረሻው ቀን ሐደርስፊልድና የዌልሱ ካርዲፍ ሲቲ ለዋንጫው ይፎካከሩ ነበር። ካርዲፍ በበርሚንግሃም ሜዳ ያገኘውን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተና 0 ለ 0 ወጣ፤ ሐደርስፊልድ በሜዳው 3 ለ 0 አሸነፈ። ሁለቱም 57 ነጥብ ያዙ። በዚያን ጊዜ እኩል ነጥብ ያላቸው ቡድኖች የሚለዩት ያገቡት ግብ በተቆጠረባቸው ተካፍሎ ነበርና፣ ሲካፈል ሐደርስፊልድ ከአንድ ግብ እጅግ ባነሰ ክፍልፋይ በለጠ። በቀጣዩ ዓመትም ዋንጫው የእርሱ ሆነ፤ በዚያ ዓመት በየትኛውም የሊግ ጨዋታ ከሁለት ግብ በላይ አልተቆጠረበትም።

ሰው ሁሉ ቻፕማን ባለበት ይቆያል ብሎ ሲጠብቅ በ1925 አንድ ማስታወቂያ በጋዜጣ ወጣ። የለንደኑ አርሰናል አሠልጣኝ ይፈልጋል፤ ተጫዋች በውድ ዋጋ መግዛት የሚወድ ሰው ግን አያመልክት የሚል ነበር። አርሰናል በ1886 ተመሥርቶ እስከዚያን ጊዜ አንድም ታላቅ ዋንጫ አላገኘም። በዚያ ዓመት ከ22 ቡድኖች 20ኛ ወጥቶ ከመውረድ ለጥቂት ተርፏል። የክለቡ አለቃ ሰር ሄንሪ ኖሪስ ባለጠጋና ቁጡ ሰው ነበር። ቻፕማን የሁለት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነውን ቡድኑን ትቶ ወደዚህ ክለብ ሄደ። ደመወዙ በዓመት 2,000 ፓውንድ ስለሆነ ገንዘቡም ሳይስበው አልቀረም፤ የለንደን ከተማ ስፋትም ስቦታል። እኔ ግን ከሁሉ በላይ የሳበው የወደቀ ነገር ማየቱ ይመስለኛል። ሥራውን ሲጀምር የድል ቡድን ለመገንባት አምስት ዓመት እንደሚያስፈልገው አስታወቀ።

በዚያው ክረምት የኳስ ሕግ ተለወጠ። ከዚያ በፊት አንድ አጥቂ ኳስ ሲላክለት ከእርሱና ከግቡ መሥመር መካከል ሦስት የተቃራኒ ተጫዋቾች ከሌሉ ከጨዋታ ውጭ ነው ይባል ነበር። አዲሱ ሕግ ቁጥሩን ወደ ሁለት ዝቅ አደረገው። ለውጡ ትንሽ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን እንደ ጎርፍ ነበር። በአንደኛው ዲቪዚዮን በ1924/25 የተቆጠሩት ግቦች 1,192 ሲሆኑ በተከታዩ ዓመት 1,703 ሆኑ። ተከላካዮች የሚይዙትን አጡ።

የአርሰናልም ተከላካዮች እንደዚሁ። ኦክቶበር 3 ቀን 1925 ቡድኑ ወደ ኒውካስል ሄዶ 7 ለ 0 ተሸነፈ። ከአርሰናል ተጫዋቾች መካከል በዕድሜም በልምድም የላቀው ቻርሊ ቡካን ነበር። ቻፕማን ይህን ሰው ከሰንደርላንድ የገዛው በሚገርም ውል ነው፤ 2,000 ፓውንድ በቅድሚያ፣ ከዚያም በመጀመሪያው ዓመት ለሚያገባት ለእያንዳንዷ ግብ 100 ፓውንድ። ቡካን በዚያ ዓመት 21 ግብ አግብቷልና ሻጮቹ አልከሰሩም። ቡካን ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ አንድ ሐሳብ ሲያቀርብ ነበር፤ የመካከሉ ተጫዋች ወደኋላ ወርዶ በሁለቱ ተከላካዮች መካከል ይቁም፤ በመሐል ሜዳ የሚጎድለውን ቦታ ደግሞ ከአጥቂዎቹ አንዱ ወረድ ብሎ ይሙላው የሚል። ከኒውካስሉ ሽንፈት በኋላ ነገሩ እንደገና ተነሣ። በሌላ ቡድን ቢሆን አሠልጣኙ በተቆጣ፣ ተጫዋቹም ዝም በተባለ ነበር። ቻፕማን ግን ሰማ፤ ጠየቀ፤ ተከራከረ፤ ተቀበለ። ከሁለት ቀን በኋላ አርሰናል በዌስትሃም ሜዳ አዲሱን አሰላለፍ ሞክሮ 4 ለ 0 አሸነፈ።

እስቲ ደብተራችሁን አውጡና ሣሉት። ከላይ አምስት አጥቂዎች አሉ፤ ሁለቱ ክንፎችና የመካከሉ አጥቂ ወደፊት፣ ሁለቱ የውስጥ አጥቂዎች ጥቂት ወደኋላ። አምስቱን በመሥመር ብታያይዟቸው ደብልዩ የሚባለውን የላቲን ፊደል ታገኛላችሁ። ከታች ደግሞ ሁለት የመሐል ተጫዋቾችና ሦስት ተከላካዮች ሲያያዙ ኤም የሚባለው ፊደል ይወጣል። አሰላለፉ ደብልዩ ኤም ተብሎ የተጠራው በዚህ ምክንያት ነው። በየአገሩ ተዛምቶ ወደ ሠላሳ ዓመት ያህል የዓለም ቡድኖች የሚሰለፉበት ዘዴ ሆኖ ኖረ።

አርሰናል በዚያ ዓመት ሁለተኛ ወጣ። አንደኛ የወጣው ማን ይመስላችኋል? ቻፕማን ትቶት የሄደው ሐደርስፊልድ ነው። እንዲህም ሆኖ ሦስት ጊዜ በተከታታይ የሊጉን ዋንጫ የወሰደ የመጀመሪያው የእንግሊዝ ክለብ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ድል በድል ላይ ተደራረበ ብላችሁ ከጠበቃችሁ ተሳስታችኋል። አርሰናል በሚከተሉት አራት ዓመታት 11ኛ፣ 10ኛ፣ 9ኛ፣ ከዚያም 14ኛ ወጣ። በ1927 ለእንግሊዝ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ ግብ ጠባቂው የያዛት ኳስ ከእጁ ሾልካ በካርዲፍ 1 ለ 0 ተረታ። በዚያው ዓመት ሰር ሄንሪ ኖሪስ በገንዘብ አያያዝ ጥፋት ከእግር ኳስ ታገደ። የጋዜጣ ጸሐፊዎች ታላቁ አሠልጣኝ ለንደን ገብቶ ጠፋ ማለት ቢጀምሩ አይፈረድባቸውም። እርሱ ግን አምስት ዓመት ብሎ ነበርና ከመቁጠር አልቦዘነም።

በእነዚያ ዓመታት ያደረገውን ብትመለከቱ ሥራው ያለ ጩኸት እንደሄደ ታያላችሁ። ቶም ዊታከር የተባለው ተጫዋች በጉልበት ጉዳት ጨዋታ ሲያቆም አሰናብቶ አልተወውም፤ የሰውነት ሕክምና እንዲማር አደረገና የቡድኑ ወጌሻ አደረገው። ዊታከር በዚህ ሙያ ከአገሩ የታወቀ ባለሙያ ሆነ። ኤዲ ሃፕጉድ ወተት የሚያመላልስ ጋሪ ነጂ ነበር፤ ከአንድ ትንሽ ክለብ ከ1,000 ፓውንድ ባነሰ ዋጋ መጣ። ሥጋ የማይበላ ቀጭን ልጅ ስለነበር ኳስ በግንባሩ በመታ ቁጥር ራሱን ይስት ነበር ይባላል። ሥጋ እያበሉ አጠነከሩት፤ በኋላም የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን አምበል ለመሆን በቃ። ክሊፍ ባስቲን ከኤክሰተር ክለብ ሲመጣ 17 ዓመቱ ብቻ ነበር።

ውድ ተጫዋች አልገዛም የሚለውን ማስታወቂያ ቻፕማን ብዙም አላከበረውም። በ1928 ዴቪድ ጃክን ከቦልተን ሲገዛ የከፈለው 10,890 ፓውንድ ነው፤ ከ10,000 ፓውንድ በላይ የተከፈለበት የመጀመሪያው ተጫዋች ጃክ ነው። በድርድሩ ጊዜ ቻፕማን የሆቴሉን አስተናጋጅ አስቀድሞ አስጠንቅቆ ለእንግዶቹ መጠጡ ድርብ እንዲሆን፣ ለእርሱ ግን አልኮል የሌለው እንዲቀርብ አድርጎ ዋጋውን አስቀነሰ ይባላል። ይህን የምጽፍላችሁ አርአያ እንዲሆናችሁ አይደለም፤ ሰውየው መልአክ እንዳልነበረ እንድታውቁ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት የመጣው አሌክስ ጄምስ ግን የሕንፃው ማዕዘን ሆነ። ስኮትላንዳዊ ነው፤ ቁመቱ አጭር፣ ቁምጣው ሰፊ፣ ጸባዩም አስቸጋሪ። በቀድሞው ክለቡ ግብ በማግባት ይታወቅ ነበር። ቻፕማን ይህን ሰው ከእንግዲህ ግብ የማግባቱን ክብር ለሌሎች ተውላቸው፤ አንተ መሐል ሆነህ ኳሷን ለክንፎቹ አድርስ አለው። ለአንድ አጥቂ ይህ ሐዘን ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጄምስ አልሆነለትም፤ ተመልካቹም አጉረመረመ። ቻፕማን ከቡድኑ አውጥቶ አሳረፈው፤ ከዚያም መለሰው። በዚያን ጊዜ በሕግ የተወሰነው ከፍተኛ የተጫዋች ደመወዝ በሳምንት 8 ፓውንድ ብቻ ስለነበረ፣ ጄምስ በለንደን በሚገኝ ትልቅ የዕቃ መደብር በተጨማሪ ሥራ ተቀጥሮ ኑሮውን እንዲደጉም ተደርጓል።

ኤፕሪል 26 ቀን 1930 አርሰናል በዌምብሌይ ስታዲዮም ለእንግሊዝ ዋንጫ ፍጻሜ ቀረበ። ተጋጣሚው ሐደርስፊልድ ነበር። ሁለቱ ቡድኖች ለሁለቱም የሠራውን ሰው ለማክበር ጎን ለጎን ተሰልፈው ወደ ሜዳ ገቡ፤ በፍጻሜ ጨዋታ እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ነበር። ጨዋታው በመካሄድ ላይ ሳለ ግራፍ ዜፔሊን የተባለው የጀርመን አየር መርከብ ዝቅ ብሎ በስታዲዮሙ ላይ አለፈ። 92,000 ያህል ሕዝብ ቀና ብሎ አየ። ጄምስና ላምበርት አንዳንድ ግብ አግብተው አርሰናል 2 ለ 0 አሸነፈ። ቻፕማን ለንደን ከገባ አምስተኛው ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ቡድኑ 127 ግብ አግብቶና 66 ነጥብ ሰብስቦ የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ በፊት ከደቡብ እንግሊዝ ዋንጫውን የወሰደ ክለብ አልነበረም። በ1933 ደግሞ ደገመው። በዚህ በሁለተኛው የድል ዓመት መካከል ግን የክለቡ መሣቂያ የሆነ ቀን አለ። ጃንዋሪ 14 ቀን 1933 ዋልሶል የተባለ የሦስተኛው ዲቪዚዮን ትንሽ ክለብ አርሰናልን 2 ለ 0 ከእንግሊዝ ዋንጫ አስወጣው። አንዳንድ ዋና ተጫዋቾች በሕመምና በጉዳት ስላልነበሩ ወጣቶች ተሰልፈው ነበር። ከነሱ አንዱ በፈጸመው ጥፋት ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ። ቻፕማን ይህን ወጣት ሳምንት ሳይሞላ ለሌላ ክለብ ሸጠው። ለጄምስ ወራት የታገሠ ሰው ለዚህ ልጅ አንድ ቀን አልታገሠም፤ ይህ ፍርዱ ለእኔ ከባድ ይመስለኛል።

ቻፕማን ከቡድኑ ውጭም አእምሮው አያርፍም ነበር። በኦገስት 1928 ተጫዋቾቹን ጀርባቸው ላይ ቁጥር አለጥፎ ለሊግ ጨዋታ አሰለፋቸው፤ የሊጉ ሹማምንት ግን አልፈቀዱም። በውጭ አገር በሌሊት በመብራት ሲጫወቱ አይቶ በ1932 በክለቡ ሜዳ በሃይበሪ መብራት አስተከለ፤ በውድድር ጨዋታ እንዳይበራ ተከለከለ። ጨዋታው ስንት ደቂቃ እንደቀረው የሚያሳይ ታላቅ ሰዓት ሰቀለ፤ እርሱም ተከለከለና ተራ ሰዓት ተደረገ። የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ድርጅትን ተከራክሮ ግን ረታ፤ በሜዳው አጠገብ የነበረው ጊለስፒ ሮድ የሚባለው ጣቢያ በ1932 አርሰናል ተብሎ ተሰየመ። ለዚህ ሲባል ካርታው፣ ቲኬቱና ሰሌዳው ሁሉ መለወጥ ነበረበት። በ1933 የቀዩን ማሊያ እጅጌ ነጭ አደረገው፤ ቢጫ ጫማ ያደርግ ለነበረ ሰው ይህ አያስገርምም።

በዚያ ዓመት መጨረሻ ቡድኑ ሊጉን ይመራ ነበር። በ1934 አዲስ ዓመት ቀን ቻፕማን ወደ ሰሜን ሄዶ አንድ ጨዋታ ተመለከተ፤ በማግስቱ ወደ ሸፊልድ አለፈ። ከዚያ ሲመለስ ብርድ መትቶት ነበር። ሐኪም ተኛ ብሎት ሳለ የአርሰናል ሦስተኛ ቡድን ሲጫወት ለማየት ወጣ። ሦስተኛ ቡድን መሆኑን ልብ በሉ። ብርዱ ወደ ሳንባ ምች ተለወጠ፤ ጃንዋሪ 6 ቀን 1934 ማለዳ በለንደን ሄንደን በሚባለው ሰፈር ዐረፈ። ዕድሜው 55 ዓመት ነበር። ዕለቱ ቅዳሜ ስለሆነ አርሰናል በሜዳው ጨዋታ ነበረበት። ተጫዋቾቹ ልባቸው ተሰብሮ ተጫውተው አንድ ለአንድ ወጡ። ከአራት ቀን በኋላ ሬሳውን ተሸክመው የቀበሩት እነርሱው ናቸው።

አርሰናል በዚያ ዓመትም በቀጣዩም የሊጉን ዋንጫ ወሰደ፤ እንደ ሐደርስፊልድ ሁሉ ሦስተኛው ተከታታይ ዋንጫ የመጣው መሠረቱን የጣለው ሰው በሌለበት ነው። ወጌሻው ቶም ዊታከር በ1947 የክለቡ አሠልጣኝ ሆነና እርሱም ሻምፒዮን አደረገው። በማሊያ ላይ ቁጥር መለጠፍን የእንግሊዝ ሊግ በ1939 ግዴታ አደረገ። የሊግ ጨዋታ በመብራት እንዲካሄድ የተፈቀደው ደግሞ በ1956 ነው።